ብር ያልሆነው ብር

ላይደን ውስጥ፣ ቦዩ ዳር፣ ከአንዲት ጠባብ ቤት
ሥራዬ መጠገን ነው ያረጀ ወረቀት፤
ብል የበላው ዳዊት፣ ውሃ የነካው ካርታ፣
የነጋዴ መዝገብ፣ የሟች ይዞታ።
ባለፈው ማክሰኞ ግን መጽሐፍ አልመጣም፤
የመጣው ሳንቲም ነው፤
ቢወድቅም አይጮኽም፣ ሚዛን አያወርድም።
ከጥጡ አውጥቼ መዳፌ ላይ ባኖረው
እንደ ደረቅ ቅጠል ትንፋሼ አነሣው።

በኔ ቋንቋ ወርቅ ከወረቀት ጋራ ጎረቤት ናቸው፤
አንዲት «ት» ብቻ ናት አጥር የሆነቻቸው።
ያቺን አጥር እዚህ ረኃብ አፈረሳት፣
ከተማይቱ በጦር የተከበበች ለት።

በሺህ አምስት መቶ ሰባ አራት፣ በፈረንጆቹ፣
የስፔን ንጉሥ ጦር ድንኳኑን ሲዘረጋ
የላይደን ቅጥር በር ከውስጥ ተዘጋ።
መጀመሪያ የጠፋው እህል እንዳይመስልህ፤
ገንዘብ ነው የጠፋው። ሰው ብሩን ቀበረ፣
ከምድጃ ጡብ ሥር፣ ከጓሮ ጎመን ሥር፣
አንዱማ፣ ይባላል፣ ከእናቱ ሬሳ ጋር።
ዘበኛው ደመወዝ፣ ጋጋሪው ዋጋ አለ።
ሹማምንቱ መከሩ፤ መከሩ፤ ዝም አሉ፤
ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ
«የድሮው ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትስ?» አለ።

አወጡት ቅዳሴውን፣ አወጡት መዝሙሩን፣
ገጽ ከገጽ አጣብቀው አደረቁት ሙጫውን።
ፍሎሪስ አንጥረኛው፣ ብር ሲቀጠቅጥ የኖረ፣
ማኅተሙን ደግፎ በመዶሻው መታ፤
ድምፁን ጠበቀ፤ አልመጣም።
ጠፍ አለ፣ ትራስ እንደ መምታት።
ሰውየው መዶሻውን አስቀመጠና
ጆሮውን ዳሰሰ።

አንበሳ ወጣበት፣ ቆብ በዘንግ የሰቀለ፣
«ይህ ስለ ነጻነት» ዙሪያውን የተተከለ።
ሰባኪው ተቆጣ፦ «ስለ ሃይማኖት በሉ!»
በከተማው ግን ድመቶች እያለቁ ነበር፤
ማን ያነባል ዙሪያውን?

ጠርዙን በእርጥብ ጥጥ ቀስ ብዬ ሳባብለው
ንብርቡ ላላ አለ። ከውስጥ አንድ ቃል አለው፣
በቀይ ቀለም፣ በላቲን፣ ማኅተሙ የቆረጠው፤
ወደኛ ሲመለስ «ምሕ—» ይላል፤
«ረት»ን ሌላ ሳንቲም ነው የወሰደው።

ከሳንቲሙ ጋር አንዲት ብጣሽ አብራ መጣች፣
የልጅ ልጅ የጻፈቻት፦
«አሌይድ አልመነዘረችውም» ትላለች፤
ሌላ ነገር የለም። የቀረውን እኔ ነኝ የምሞላው፣
ብል የበላውን ገጽ በሣሣ ወረቀት እንደምደርበው።

አሌይድ መበለት ናት፣ ሱፍ ፈታይ።
ለቅጥሩ ድንጋይ አጋዘች፤
ይህን አንበሳ ለስምንት ቀን ደመወዝ ተቀበለች።
ሥጋ ቤት ተሰለፈች። የፈረስ ሰኮና፣
እሱም ደረሰና አለቀ፤ «ነገ ነይ» ተባለች።
በነገው ተሰለፈች። በሦስተኛው ቀን
ልጇ ዋውተር ወረፋ አልጠበቀም።

ከዚያ ግድቡ ፈረሰ፣ ባሕር በእርሻው ላይ መጣ፣
ነፋሱ ዞረ፣ ጠላት በሌሊት ወጣ፤
ጀልባ ገባ፣ ነጭ ዳቦና ጨው የበላው ዓሣ ጭኖ፤
ዳቦ የጨበጠ እጅ ቶሎ አልጎረሰም፣ ማመን ተስኖ።

አዋጅ ተነገረ፦ «ወረቀት ያለው ይምጣ፣ ብር ይቀበል!»
ተሰለፈች ደግሞ። ጸሐፊው «ሴትዮ፣ ተራሽ ነው» ሲል
ጨብጣ ቆመች።
«ይሄ ገንዘብ ምንም አልገዛልኝም» አለች፤
«ያልገዛ ይመነዘራል ወይ?»
ጸሐፊው መዝገቡን አየ። እንዲህ ያለ ዓምድ የለም።
«ቀጥሎ» አለ።

የተመነዘረው ሁሉ ምድጃ ውስጥ ተማገደ፤
«ረት»ም፣ ይመስለኛል፣ በዚያው ጢስ ሆኖ ሄደ።

አሁን ጠርዙን መለስኩት። ሙጫው ከስንዴ ነው።
ክብደት አልጫንኩበትም፣ እንዳይደፈጠጥ አንበሳው፤
እስኪደርቅ በሁለት ጣቴ መሃል ይዤው ቆሜያለሁ፣
መብራቱን ሳላጠፋ፣
ወረፋ ላይ እንዳለ ሰው።